የበራችን ድንጋይ

በዚያ ዓመት መተማ ዮሐንስ ውስጥ ያልፈረደ ሰው አልነበረም። ባጃጅ ነጂው ይፈርዳል፣ ሽንኩርት ሻጯ ትፈርዳለች፣ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ከወረደ ወር ያልሞላው የቀን ሠራተኛ እንኳ የተከሳሹን ስም በቅጡ ሳያውቅ ይፈርዳል። ተከሳሹ የእናቴ ታናሽ ወንድም አንዱአምላክ ነው። ችሎቱ ከድልድዩ ማዶ፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው የተቀመጠው። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እኔም ፈርጄ ነበር። የእኔ ፍርድ ከሁሉም የከፋ መሆኑን ያወቅሁት ግን ዘንድሮ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ ትራክተር ነጂ ነበር፤ ከገዳሪፍ ወዲህ ባለ ሰፊ የማሽላ እርሻ ላይ ሁለት ክረምት ሠርቷል። የእርሻው ባለቤት ሞተው እርሻውን የሚያስተዳድረው ዑበይዳ የሚባል ልጃቸው ነው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አጎቴ ዑበይዳን በጀርባው አዝሎ፣ ሸሚዙ በደም ርሶ፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ እየሮጠ መጣ። መኪና እስኪያገኝ ልጁ ጀርባው ላይ ሞተ። ራሱን የተመታበት መፍቻ ትራክተሩ ሥር ተገኘ፤ መፍቻው የአጎቴ ነው። በዋዜማው ደግሞ ሁለቱ በተበጠሰ የትራክተር ችንጋ ምክንያት ተጨቃጭቀው ነበር፤ ሠራተኛው ሁሉ ሰምቷል። ሲመታው ያየ ሰው ግን የለም።

እናቴ፣ የሻረግ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ ታበጥር ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ የምውለው እዚያው፣ ጆንያ ላይ ተጋድሜ ነው። ቆርቆሮው በሙቀት ቋ ቋ ይላል፤ ብናኙ አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል፤ ክንዴን ስልሰው ሰሊጥ ሰሊጥ ይለኛል። ሴቶቹ በሁለት ረድፍ ተቀምጠው ወንፊት ይነቀንቃሉ፤ አፋቸውም ከወንፊቱ እኩል ይሠራል። የመጋዘኑ ዘበኛ አያ ባየልኝ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ጊዜ ገዳሪፍ ስድስት ወር ተቀምጠው ስለነበር የሱዳን ሕግ የሚታወቀው በእሳቸው ነው።

«የገደለ ሰው የገደለውን አዝሎ ይሮጣል?» ይላሉ ዱላቸውን መሬት ላይ እየወቁ። «እስቲ ንገሩኝ! የገደለ ሰው ወደ ጫካ ነው የሚሮጥ!»

መልስ የምትሰጣቸው ታንጉት ናት። ከእናቴ ጎን የምትቀመጥ እሳት የላሰች ሴት ነበረች። «ያልገደለ ከሆነስ መፍቻው በየት እግሩ ሄዶ የሰው ራስ ላይ አረፈ?»

«መሣሪያ የያዘ ሁሉ ገዳይ ከሆነማ፣ እኔ ዱላ ይዤ እዚህ በር ላይ አሥር ዓመት ቆሜያለሁ። ማንን ገደልኩ?»

«እርስዎማ ማንን ይገድላሉ! ሰሊጡን የጨረሰውን አይጥ መች ገደሉና!»

መጋዘኑ በሳቅ ይሞላል። ሳቁ ሲበርድ ሁሉም ዞር ብሎ እናቴን ያያል። እናቴ ወንፊቷን ትነቀንቃለች። «አልገደለም» አትል። «ገድሏል»ም አትል። ታንጉት በጎሸመቻት ቁጥር «ዝም አይነቅዝም» ብላ ትመልሳለች፤ ሌላ ቃል አይወጣትም። እኔ ጆንያው ላይ ሆኜ እታዘባታለሁ። በእኔ ሂሳብ «አልገደለም» ያለ አጎቴን ይወደዋል፤ «ገድሏል» ያለ ይጠላዋል፤ ዝም ያለውን ግን የት እንደማስቀምጠው አላውቅም ነበር።

በጥር ወር ፍርዱ መጣ። ሞት ተፈረደበት። ግን በዚያ ሀገር ሕግ የሟች ወገን ከማረ ነፍሱ ይተርፋል ተባለ። ዑበይዳ አባት የለውም፤ ሚስትም ልጅም የለውም። ስለዚህ የአጎቴ ነፍስ በአንዲት ሴት አፍ ላይ ቀረች፤ በዑበይዳ እናት፣ በሐጃ ኢሕሳን።

የከተማው ሽማግሌዎች ገንዘብ አሰባስበው፣ አያ ባየልኝን አስከትለው ሄዱ። በማግሥቱ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አያ ባየልኝ መጋዘኑ መሐል ቆመው ነገሩን አወሩ።

«‘ልጃችን አልገደለም፤ ቢሆንም ካሳውን ተቀበይን’ ብለን በትሕትና ነገርናት። ምን ብትለን ጥሩ ነው? ‘ካልገደለ ስለ ምን ትከፍሉኛላችሁ? ከገደለስ ስለ ምን አልገደለም ትሉኛላችሁ? ሂዱ፣ ልጄን አልሸጥም!’ አለችን። እንደ ውሻ አስወጣችን!»

ሴቶቹ ሁሉ «ወይ ጉድ! ወይ ድፍረት!» አሉ። ያን ጊዜ የእናቴ ወንፊት ቆመ። ሲቆም የሰማሁት የመጀመሪያ ቀን ስለነበር ቀና አልኩ።

«እውነቷን ነው» አለች እናቴ።

አያ ባየልኝ ጆሯቸውን አላመኑም። «ምን አልሽ አንች?»

«ሴትዮዋ እውነቷን ነው አልኩ።» ነጠላዋን አራግፋ ተነሳች፣ እጄን ያዘችና ወጣን። ከኋላችን ታንጉት «ይኸው! እኅቱ አመነች!» ስትል ሰማሁ። ፊቴ በእፍረት ጋለ። የገዛ እናቴ ከእነዚያ ጋር ወገነች ብዬ መንገዱን ሁሉ እጄን ከእጇ ለማስለቀቅ ስታገል ሄድኩ።

የቤታችን በር ቆርቆሮ ነው። ነፋስ ሲመጣ እንዳይንጓጓ የምናስደግፈው አንድ ጥቁር ድንጋይ ነበረን፤ በሩ ሲቀባ የተንጠባጠበ ቀይ ቀለም በአንድ ጎኑ ላይ ደርቋል። በማግሥቱ ጠዋት ስነሳ እናቴ ያንን ድንጋይ ገንዳ ውስጥ አስቀምጣ በሳሙና ታጥበዋለች። ድንጋይ ሲታጠብ አይቼ አላውቅም። አደረቀችው፣ በጆንያ ጠቀለለችው፣ ነጠላዋን ለእኔ አስያዘችኝ።

«የት ነው የምንሄድ እማ?»

«ሐጃ ኢሕሳን ዘንድ። አንችን ሲያዩ ልባቸው ይራራ እንደሆነ።»

ያኔ ገባኝ። ማለት የገባኝ መሰለኝ። እናቴ ሴትዮዋን በድንጋይ ልትመታት ነው። ትናንት «እውነቷን ነው» ያለችው ለማዘናጋት ነው! እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ፤ ኮራሁባት።

ድልድዩ ጋ ዘምዘም ጠበቀችን። ዘምዘም በሁለቱም ወገን ቅመምና ሽቶ የምትነግድ፣ ዐረብኛውን እንደ አማርኛዋ የምትናገር ነጋዴ ናት። ጉምሩክ ላይ አንድ ወጣት ፈታሽ ጆንያውን አስፈታን።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ድንጋይ» አለች እናቴ።

ልጁ በጣቱ አንኳኳው። ገለበጠው። እንደገና አንኳኳው። «ድንጋይ ወደ ሱዳን ታሻግራላችሁ? ምን ሊያደርግላችሁ?»

«ማዶ እኮ ድንጋይ የለም፤ አፈር ብቻ ነው» አለች ዘምዘም ፈርጠም ብላ። ውሸት አልነበረም። ከድልድዩ ማዶ ካለችው ከገላባት ወዲያ ሜዳው መረሬ የሚሉት ጥቁር አፈር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብትሄድበት ለወፍ የምትወረውረው ጠጠር አታገኝም። ፈታሹ ሳቀና «የመጀመሪያዎቹ ናችሁ፣ ይቅናችሁ» ብሎ አሳለፈን።

በጭነት መኪና ተሳፍረን ከቀትር በፊት ደረስን። ሰፊ ግቢ ነው፤ መሐሉ ላይ በሰንበሌጥ የተከደነ ዳስ፣ ከዳሱ ሥር የውኃ ጋን፣ ከጋኑ ጎን ቶብ የሚሉትን ረጅም መጠምጠሚያ ልብስ የለበሱ ሴቶች። እናቴ በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀች። ድንጋዩን ከጆንያው አወጣች። ልጆች እየጮኹ ወደ ቤት ሮጡ፤ እነሱም ልክ እንደ እኔ ነው የገመቱት። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ምንም ድምፅ ሳልሰማ ቀረሁ። ዓይኔን ስገልጥ እናቴ ድንጋዩን ማጅራቷ ላይ ጭና፣ ወገቧን አጥፋ፣ መሬት መሬት እያየች ቆማለች።

ዛሬ መምህር ነኝ፤ ለተማሪዎቼ ሳስረዳው በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቃል። በእኛ ሀገር ደም ሲፈስ የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ደጅ ይቆማል። የሟች ወገን «አውርዱት» እስኪል ድረስ አያወርድም። እናቴ ከመተማ ወጥታ የማታውቅ ሴት ስለነበረች ይህ ወግ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ይመስላት ነበር። ማዶ ያሉት ግን አያውቁትም።

ሐጃ ኢሕሳን ወጡ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጭ ቶብ የለበሱ ሴት ናቸው። ዘምዘም ቀርባ የሀገራችንን ልማድ አስረዳቻቸው። ሴትዮዋ አዳመጡ፤ እናቴን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ አንድ ነገር ተናግረው ገቡ።

«ምን አሉ?» አለች እናቴ ሳትቃና።

ዘምዘም ተጨነቀች። «‘እኔ ጫንኩባት? ራሷ የተሸከመችውን ራሷ ታውርደው’ አሉ። የሻረግ፣ በቃሽ፣ አውርጅው፣ እንሂድ።»

«እሳቸው ካላሉኝ አላወርድም።»

ፀሐይዋ አናት ላይ ነች። የቆላ የካቲት ነው፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዲት ልጅ ውኃ አመጣች፤ እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ላቡ ከአፍንጫዋ ጫፍ ጠብ ጠብ እያለ ጥቁሩ አፈር ላይ ሲወድቅ ቶሎ ይደርቃል። እኔ አለቀስኩ፤ ከዚያ ማልቀስ ሲሰለቸኝ የያዝኩትን ነጠላ ዘርግቼ ጥላ ልሠራላት ሞከርኩ። ዘወትር ቁመቴ ወገቧ ላይ ነው የሚቀር፤ ያን ቀን ግን ጎንበስ ብላ ስለነበር ራሷ ላይ ደረስኩ።

የከሰዓቱ ሶላት፣ ዓሡር፣ ደረሰ። ሐጃ ኢሕሳን ዳሱ ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ሰገዱ። ሲጨርሱ እንደ ደንቡ ፊታቸውን ወደ ቀኝ አዞሩ፤ በቀኝ በኩል ያለነው እኛ ነን። ወደ ግራ አዞሩ። ከዚያ እንደገና ወደ ቀኝ አዩ። ተነሥተው መጡ።

አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ዘምዘም ተረጎመች። «‘ገድሏል ወይስ አልገደለም?’ ይላሉ።»

መተማ ሁሉ ዓመት ሙሉ የተጨቃጨቀበት ጥያቄ እናቴ ፊት ቆመ። «አልገደለም» ካለች ሴትዮዋ የሚምሩት ነገር የለም፤ «ገድሏል» ካለች የገዛ ወንድሟን በአፏ ገደለችው። እናቴ ከድንጋዩ ሥር ሆና፣ ቀስ ብላ፣ እንዲህ አለች፦

«እኔ አላየሁም። እርስዎም አላዩም። ልጅዎ በወንድሜ መፍቻ ተመትቶ፣ በወንድሜ ጀርባ ላይ ነፍሱ ወጣች። ደሙ እኔ ቤት ድረስ መጥቷል። ይህንን ድንጋይ ተሸክሞ ደጅዎ የሚቆም ሌላ ሰው ከታጣ እኔ ልቁም ብዬ ነው። ወንድሜን ቢምሩት ይማሩት። ባይምሩትም ግን ለልጅዎ የቆመለት ሰው ይኑር።»

ዘምዘም ስትተረጉም ታለቅስ ነበር። ሐጃ ኢሕሳን ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ድንጋዩን ከእናቴ ማጅራት አነሡት። ክብደቱ ጎተታቸው፤ አንድ ቃል አመለጣቸው። «‘ይህን ያህል ይከብዳል?’ ይላሉ» አለች ዘምዘም። ድንጋዩን ከበራቸው ሥር አስቀመጡት፤ ከጋኑ ውኃ ቀድተው፣ ለሌላ ሰው ሳይሰጡ፣ በገዛ እጃቸው አጠጧት።

አጎቴ ምሕረት አገኘ፤ ሞቱ በጥቂት ዓመት እስር ተለወጠለት። በመልሱ መንገድ፣ መኪናው ላይ፣ ዘምዘምን «እማ ለምን ድንጋይ ተሸከመች?» ብዬ ጠየቅኋት። «የገዳይ ወገን ነው የሚሸከመው» አለችኝ፤ ወጉን ማስረዳቷ ነበር። እኔ ግን ፍርድ ቤቴን ዘጋሁ። የገዳይ ወገን ነው የሚሸከመው፤ እናቴ ተሸከመች፤ እንግዲያው አጎቴ ገዳይ ነው።

ከተማውም ከእኔ የተሻለ አልፈረደም። ታንጉት «አላልኩም?» እያለች ዞረች። አያ ባየልኝ እናቴን ሰላምታ ነሷት፤ «ንጹሕ ልጃችንን ገዳይ አድርገሽ መጣሽ» አሏት ፊት ለፊት። እናቴ ቦታዋ ላይ ተቀምጣ ወንፊቷን ነቀነቀች። ከዚያ ቀን ወዲያ አንገቷን ወደ ግራ ስታዞር ያማታል፤ ሰው ከግራ ሲጠራት ወገቧን ጭምር ነው የምትዞር።

አጎቴ የቀረውን እስር ጨርሶ ሲመጣ አሥር ዓመቴ ነበር። ተምር ይዞልኝ መጥቶ እጁን ዘረጋ፤ የትራክተር ግራሶ ከጥፍሩ ሥር ያልለቀቀው ትልቅ እጅ። ሁለት እጆቼን ከኋላዬ ደበቅሁ። ተምሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «አድጋለች» ብቻ አለ። እንዲያ ኖርን። እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ። ከኮሌጅ ስመረቅ ፎቶ ሲነሡ እሱ በቀኜ ሊቆም ሲል ወደ እናቴ ግራ ዞርኩ። አንድ ቀን እንኳ «ምን በደልኩሽ?» አላለኝም። «አልገደልኩም» ብሎም ለማንም ሲናገር አልሰማሁም፤ እኔ ደግሞ ዝምታውን እንደ ማመን ቆጠርኩት። የእናቴን ዝምታ ያላስተማረኝ አምላክ የእሱን በምን ያስተምረኝ!

ዘንድሮ ከማዶ ጦርነቱ ያባረረው ሰው በድልድዩ ሲጎርፍ፣ አንድ ከሰዓት ደብተር እያረምኩ ሳለ ባጃጅ ደጃችን ቆመ። መጀመሪያ ዘምዘም ወረደች፤ አርጅታለች። ቀጥሎ ነጭ ቶብ የለበሱ፣ ቁመታቸው የጎበጠ አሮጊት ወረዱ። ባለ ባጃጁ አንድ ጆንያ አቀበላቸው። አሮጊቷ ጫማቸውን አወለቁ፤ ጆንያውን ፈቱ። በጎኑ ያለውን ቀይ ቀለም ሳይ ከወንበሬ ተነሣሁ። የበራችን ድንጋይ ነው። ሐጃ ኢሕሳን ማጅራታቸው ላይ ጫኑት።

እናቴ ጥላው ሥር ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ስትል አየቻቸው። ምስሩ ተደፋ።

«ያውርዱት!» አለች። «ኧረ በመድኃኔዓለም ያውርዱት! ሰርካለም፣ ያዥላቸው!» ጉልበቷ ታማሚ ነው፤ ከወንበር ለመነሣት የእኔን እጅ የምትፈልግ ሴት ግቢውን እንዴት እንዳቋረጠችው አላየሁም። ሦስት እርምጃ እንኳ አላስኬደቻቸውም። ድንጋይ ተሸክሞ መቆም ምን እንደሚመስል ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ተቃቅፈው ተቀመጡ። ሐጃ ኢሕሳን በዐረብኛ ሲናገሩ ዘምዘም ተረጎመች። ዓምና የባላቸው ወንድም ልጅ ሊሞት ሲል አስጠርቶ ተናዘዘላቸው። ከዑበይዳ ጋር በእርሻው ድርሻ ተጣልተው፣ ትራክተሩ አጠገብ የተጣለውን መፍቻ አንሥቶ የመታው እሱ ነው። ሐበሻው የደረሰው እሱ ከሸሸ በኋላ ነው።

«‘አንች ያላጠፋሽውን ተሸከምሽ’ ይሉሻል» አለች ዘምዘም። «‘እኔ ደግሞ ያልበደለኝን ማርኩ ብዬ ስመጻደቅ ኖርኩ።’»

እናቴ እጃቸውን ሳመች። ከዚያ ድንጋዩን አየችና «በዚህ ጦርነት መሐል እንዴት አመጡት?» አለች።

«‘መኪናው ነው የተሸከመው፤ እኔ ከባጃጁ ወዲህ ብቻ ነኝ’ ይላሉ» አለች ዘምዘም፤ ሦስቱም እያለቀሱ ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። «እማ፣ አንችስ ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ምኑን?»

«አለመግደሉን።»

«እኔው አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ አይደለም? አውቅ ነበር እንጂ።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም?»

«ብናገር ክርክሩን እረታ ነበር» አለች። «እሱ ግን ይሞት ነበር።»

ከዚያ ቀን ወዲህ አሥራ ሰባት ዓመት አብሬያት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሬ፣ እናቴ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ስሟን ሰጥታ፣ ጎረቤት አጥታ፣ አንገቷን ሰብራ ወንድሟን አስተረፈች። እኔ ደግሞ ያተረፈችውን ሰው በየቀኑ እየቀበርኩ ኖርኩ። አፈርኩ።

ድንጋዩን አነሣሁት። እውነትም ይከብዳል። እናቴ ወዴት እንደምሄድ አልጠየቀችኝም፤ ነጠላዬን ብቻ አስተካከለችልኝ።

አጎቴ የሚሠራው ከከተማው ዳር፣ ኒም ዛፍ ሥር ነው። በአስፋልቱ ስሄድ ባጃጆች ጥሩንባ ነፉብኝ፤ ተማሪዎቼ «ቲቸር! ቲቸር!» እያሉ ተከተሉኝ። ስደርስ አጎቴ አንድ አሮጌ ትራክተር ሥር ተጋድሞ ብሎን ያጠብቃል። በሚያጠብቅበት መፍቻ ላይ ዓይኔ አረፈ፤ መፍቻ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ጫማዬን አውልቄ ጎንበስ አልኩ። የማየው መሬቱን ብቻ ሆነ።

የመፍቻው ድምፅ ቆመ። ከትራክተሩ ሥር ወጥቶ ሲነሣ እግሮቹን አየሁ።

«አያ አንዱ» አልኩ።

ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሳልሰማው የኖርኩት ሳቅ በድምፁ ውስጥ ሲመጣ ሰማሁ።

«ትንሽ ቁሚ እንግዲህ» አለኝ። «እናትሽ እስከ ዓሡር ነው የቆመችው።»

ቆምኩ። ብሎኑ ሁለት ዙር ሲቀረው ነበር የደረስኩበት፤ ተመልሶ ተንበርክኮ ሁለቱን ዙር አጠበቀ፣ መፍቻውን አስቀመጠ፣ በግራሶ እጁም ድንጋዩን ተቀበለኝ።